ኤርጫፎ ለኮሚቴው የዘረጋው ሣር

ሰው ሁሉ አስናቀ ምላሱ መርዝ ነው ይላል። ይበል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የተበደለ ሰው ሲያለቅስብኝ እየዋለ ከአፌ ማር የሚንጠባጠብ መሰላችሁ? አንዱ ይመጣና ነገሩን ከአያቱ ሠርግ ይጀምርልኛል። "ወንድሜ፣ የበደለህን ሰው ስምና የበደለህን ቀን ንገረኝ፤ የቀረውን ለሚስትህ አውራት" እለዋለሁ። ይቀየመኛል። በሳምንቱ ግን ሌላ ማመልከቻ ሊያጽፍ ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም እኔ የጻፍኩት ወረቀት ቢሮ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ አይቀርም። ወታደር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ጦሩ ሲበተን ደሴ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እዚሁ አርባ ምንጭ ቀረሁ።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ላይ፣ ኤርጫፎ መጣ። ኤርጫፎ ሸማኔ ነው፤ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ባለው ግቢ ቤት ተከራይቶ ጋቢና ቡልኮ ይሠራል። ከገረሴ ደጋ ወርዶ እዚህ ሙቀት ውስጥ የሚቀቀለው ወዶ አይደለም፤ አንድ ልጁ ዓለሚቱ እንድትማርለት ብሎ ነው። እሱ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም። ልጅቷ ግን ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ በሰኔ ሚኒስትሪ ልትፈተን ነው።

"ጋሼ አስናቀ፣ ልጄን ከፈተና አወጡት" አለኝ። አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲናገር ሴቷን ልጅ አንዳንዴ ወንድ ያደርጋታል።

"ማን አወጣት? ምን አጥፍታ?"

"ሙዝ አልኮተኩትም አለ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ አባያ ሐይቅ ዳር የሙዝ እርሻ አለው፤ አለው ይባላል። "የተግባር ትምህርት" ተብሎ የስምንተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ አቧራ በእግራቸው ይነዳሉ። የሚቃጠለው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜያቸው ነው። ውኃ የሚቀዱት አዞ ከሚያደባበት ዳርቻ ነው። ሙዙ በማን መኪና ተጭኖ እንደሚሄድ ደግሞ ሲቀላ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር በአቶ ደግፌ መኪና። ዓለሚቱ ሦስት ሳምንት ሄደች። በአራተኛው "ፈተና ደርሷል፣ ክፍል ቁጭ ብዬ አነባለሁ" አለች። ኮሚቴው "የተግባር ትምህርት ስለወደቀች አትፈተንም" ብሎ ስሟን ከዝርዝሩ አወጣው። ዝርዝሩ በሚመጣው ሰኞ ለዞን ትምህርት ቢሮ ይገባል። ሰኞ ስሟ ከሌለበት አለቀ፤ ዓመቱ ተቃጠለ። ኤርጫፎ ደግሞ ሌላ ዓመት የማስተማር አቅም የለውም፤ ወደ ገረሴ ይዟት ይመለሳል፣ እዚያም ልጅቷን የሚጠይቅ ባል እንደማይጠፋ ነገረኝ።

"ና ቁጭ በል" አልኩት። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ጉዳዩን በአምስት ነጥብ ለየሁት፤ የትኛው ቀን የትኛው ትምህርት እንደተቃጠለ ከልጅቷ ደብተር እያየሁ አሰፈርኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። ጽፌ ስጨርስ በራሴ እጅ ጽሑፍ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ወረቀቱን ይዤ አቶ ደግፌ ቤት ሄድኩ። አቶ ደግፌ እንደኔው ከሰሜን የመጣ ነው፤ የመንግሥት ጡረተኛ፣ ሆዱ ከቀበቶው አምልጦ የወጣ፣ ሰው ሲያናግር የሰዓቱን ሰንሰለት የሚያሽከረክር። ወረቀቱን ሳያነብ አገላበጠው።

"ሸማኔውም ከሳሽ ሆነ?"

"ወላጅ ነው። ለኮሚቴው አቤት የማለት መብት አለው።"

"አለው እንጂ! ማን ከለከለው? ረቡዕ እንሰበሰባለን፤ ይምጣና ያስረዳ። ግን አንተ ምን አገባህ? የራሳችን ሰው አይደለህ?"

"እኔ ደመወዝ የለኝ፣ እርሻ የለኝ፤ የራሴ ሰው ብቻ ነኝ" ብዬው ወጣሁ። በዚያች መልስ እስከ መናኸሪያው ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ። ወይ ሞኝነት!

ረቡዕ ኤርጫፎ ብቻውን አልመጣም። ከገረሴ ሁለት ሽማግሎች በጠዋት ወርደዋል፤ አንደኛው ታላቅ ወንድሙ ነው። እርጥብ ሣር እንዳይጠወልግባቸው በኮባ ጠቅልለው ይዘዋል። ወደ ስብሰባው ክፍል ስንገባ አቶ ደግፌ ከርእሰ መምህሩና ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው መምህርት ጸዳለ ናት። ሽማግሎቹ አልተቀመጡም። ኮባውን ፈተው ሣሩን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ኤርጫፎም አንድ ጭብጥ ይዞ ከመሐላቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ወደ ጠረጴዛው ዘረጉት።

"ምንድን ነው ይሄ? ስብሰባ ነው የከብት በረት?" አለ አቶ ደግፌ። ርእሰ መምህሩ ሳቀ።

ኤርጫፎ ከሣሩ ቀና ሳይል "ልጄ ይፈተን፣ እንነጋገር" አለ።

"ልጅህ ወንድ ነው ሴት? መጀመሪያ እሱን ወስን!" አለና ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ጸዳለ ብቻ አልሳቀችም። ከዚያ አቶ ደግፌ ወደ እኔ ዞረ። "አስናቀ፣ አንተ አገሩን ታውቃለህ፤ ሣሩ ምን ማለት ነው?"

እዚህ ጋ ምላሴ በተቆረጠ። ጋሞዎች ጠብ መሐል ሣር ይዘው ሲገቡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ቆም ብዬ ግን ምን ማለት እንደሆነ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለእኔ ሞት ነው። "የእነሱ ይቅርታ መጠየቂያ ነው" አልኩ፤ እንደ ሊቅ።

የአቶ ደግፌ ፊት ወዲያው በራ። "እንዲህ ከሆነማ!" ብሎ ተነሣ። ከሽማግሎቹ እጅ ሣሩን ተቀበለ፣ ከኤርጫፎም ተቀበለ። ሽማግሎቹ በጋሞኛ መረቁ። ኤርጫፎ እንደዚያን ቀን ፊቱ ሲፈካ አይቼ አላውቅም፤ በእሱ ቤት ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

"አቤቱታው ይነበብ" አልኩ።

"ሰዎቹ ታርቀው ምን ይነበባል? አታካብድ!" አለና ማመልከቻዬን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠው ባርኔጣ ሥር ከተተው። ወደ ጸዳለ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ ጥቂት አጻፋትና ወረቀቱን ከፊቷ ስቦ ወደ እኔ ገፋ። ጸዳለ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። "የመጡት ሰዎች ስም መቆጣጠሪያ ነው፤ ጣታቸውን ያስቀምጡ። አስናቀ፣ እኛ መቼም እንግባባለን፤ ጽሑፍህ ደግሞ ግሩም ነው፣ ሰውዬ!"

ጽሑፍህ ግሩም ነው አለኝ። እኔን! በየቀኑ "ያልተነበበልህን ወረቀት እንዳትፈርም" እያልኩ በሰው ላይ የምጮኸው እኔ፣ ወረቀቱን አላነበብኩም። ላንብብ ብል ያልሠለጠነ፣ ሰው የማያምን እመስላለሁ ብዬ አፈርኩ። የኤርጫፎን አውራ ጣት በእጄ ይዤ ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አተምኩት። ሽማግሎቹንም እንደዚያው።

ዓርብ ከሰዓት የተፈታኞች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዓለሚቱ የለችም። ከዝርዝሩ ጎን ቃለ ጉባኤ ተለጥፏል፤ እንዲህ ይላል፦ "የተማሪ ዓለሚቱ ወላጅ ከሽማግሎች ጋር ቀርበው ልጃቸው ጥፋት መፈጸሟን በማመንና ይቅርታ በመጠየቅ በጣት አሻራቸው ስላረጋገጡ፣ ከትምህርት ቤት እንዳትባረር በይቅርታ ታልፏል፤ የዘንድሮውን ፈተና ግን አትወስድም።" ከሥሩ ሦስት የጣት አሻራ። ሦስቱንም ያተምኩት እኔ ነኝ።

በቀጥታ አቶ ደግፌ ቤት ገብቼ "ሌባ!" ብዬ ጮህኩበት። ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም።

"ቀስ በል። ተርጓሚው ማን ነበር? አስፈራሚው ማን ነበር? እኔ የአንተን ትርጉም ነው ያጻፍኩት። አሁን ሂድና ሕዝቡን ሰብስበህ ንገር፤ አስናቀ ሳያነብ ያስፈርማል በላቸው። እስቲ ነገ ማን ጠረጴዛህ ጋ እንደሚመጣ እናያለን።"

በሩን በላዩ ወርውሬ ወጣሁ።

ኤርጫፎ ዘንድ ስሄድ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል፤ እጁ ግን አይሠራም። ወሬው ቀድሞኛል።

"ተነሥ፣ ለዞን እንጽፋለን። ዛሬ እጽፋለሁ፣ ሰኞ በጠዋት የዞኑ ቢሮ ወዳለበት ወደ ሼቻ እንወጣለን" አልኩት።

"አልጽፍም።"

"ምን?"

"ሣሩን ተቀብሎኛል፣ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ጠብ ብጀምር ሣሩን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን ከገረሴ አምጥቼ፣ እሱ የያዘውን ሣር እኔ አልረግጥም።"

"አታሎሃል እኮ! ሰውዬው አጭበርብሮሃል!"

"እሱ ከፈለገ ይርገጠው። እኔ አልችልም።"

ያን ጊዜ የሰደብኩትን ስድብ ብጽፈው ወረቀቱም ያፍራል። ደደብ አልኩት፤ ልጁን በጭብጥ ሣር የሸጠ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና "ወረቀቱን ሳታነብ ነው ያስፈረምከኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ደግፌ እየጮህኩ፣ ጥያቄውን ያልሰማሁ መስዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገና ገበያው ሳይሞላ፣ ዓለሚቱ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗን ከሰው ላይ የማታነሣ ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ሁለት ሉክ ወረቀት ይሽጡልኝ።"

"ለምንሽ ነው?"

"ለዞን አቤቱታ ልጽፍ።"

"አባትሽ አይሆንም ብሏል፤ ትናንት አንገቴ እስኪደርቅ ለምኜዋለሁ።"

"ሲሰድቡት ነው የሰማሁት" አለችኝ። "አባቴ አይችልም፤ በሣሩ ታስሯል። ሣር ይቅርታ አይደለም፣ ጋሼ። ሽማግሎች ሣር ሲይዙ ማንም ከዚህ አይለፍ፣ ተቀምጠን እንነጋገር ማለታቸው ነው። የተቀበለ ሰው እሰማለሁ ማለቱ ነው። ጥፋተኛም ይይዘዋል፣ ያላጠፋም ይይዘዋል። አባቴ ይዟል፤ ስለዚህ መጣላት አይችልም። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የያዝኩት ሣር የለም።"

ወረቀቱን ሰጠኋት። እኔ ልጻፍልሽ አልኳት፤ አይ አለች። ከጠረጴዛዬ ጫፍ ጎንበስ ብላ ቆማ መጻፍ ጀመረች። እኔ ደንበኛ አስቀምጬ የሰው ሴት ልጅ በራሴ ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ አያለሁ፤ ደንበኛውም አፉን ከፍቶ ያያል። መሐል ላይ ቀና አለች።

"አባቴ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን አንብበውለት ነበር?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ልትመረምሪኝ ነው እንዴ? ጡት ሳትጥዪ በፊት እኔ…"

"አንብበውለት ነበር?"

ደንበኛው እየሰማ ነው። "አላነበብኩለትም" አልኳት፣ በሹክሹክታ። አንገቷን ደፍታ መጻፏን ቀጠለች።

ስትጨርስ ሰጠችኝ። ዓረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው፤ እንደኔ አይደረድሩም፣ አያጌጡም። አቤቱታ የቀረበባቸው ሰዎች ይላል። አንደኛ፣ አቶ ደግፌ፤ ተማሪዎችን በትምህርት ሰዓት ያሠሩ። ሁለተኛ፣ ርእሰ መምህሩ፤ ይህን የፈቀዱ። ሦስተኛ፣ አቶ አስናቀ፤ "የሽማግሎችን ሣር ሳያውቁ ይቅርታ ነው ብለው የተረጎሙ፣ ማንበብ ለማይችለው አባቴ ወረቀቱን ሳያነቡለት ጣቱን ይዘው ያስፈረሙ።"

"እኔን? እኔን ከደግፌ ጋር? የጻፈልሽ ማነው፣ ያን ሁለት ገጽ በነፃ የጻፈልሽ!" ወረቀቱን መለስኩላት። "ስሜን አውጪ። እኔ ከጎንሽ ነኝ።"

"ስምዎን ካወጣሁት አባቴ ተነቦለት፣ አምኖ ፈርሟል ይባላል" አለችኝ። "ከዚያ ምን እላለሁ?"

ምን ትላለች? ምንም። ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ሄደች። የወረቀቱን ዋጋ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኛለች፤ ያ ደግሞ ከክሱ በላይ አናደደኝ።

እሑድን እንዴት እንደዋልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅቷን ረገምኳት። ደግፌን ረገምኩት። ማምሻውን የምረግመው ሰው አለቀብኝና ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው አስናቀ ክፉ ነው ግን ወረቀት ላይ አይታለልም ብሎ ነው። ያ ከጠፋ ምን እበላለሁ? እኔ ዝም ብል እኮ የአንዲት ልጅ ወረቀት ማን ያምናል? ዓመት ያልፋል፣ ልጅቷ ገረሴ ትሄዳለች፣ ነገሩ ይረሳል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አሳፋሪ ነገር ነው፤ ግን ብያለሁ።

ሰኞ ጠረጴዛዬን ሳልዘረጋ የሼቻን ዳገት ወጣሁ። ዞን ትምህርት ስደርስ ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተሞልቷል፤ ግማሹ እኔ ማመልከቻ የጻፍኩለት ሰው ነው። ቢሮው በሩ ተከፍቷል። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ የሚባሉ ኃላፊ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርገዋል፤ ቃለ ጉባኤውንና የዓለሚቱን አቤቱታ። ልጅቷ የደንብ ልብሷን ለብሳ ቆማለች። አቶ ደግፌ ዝርዝሩን ሊያስረክብ መጥቶ ወንበር ተሰጥቶታል። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

"ይኸው፣ ራሱ መጣ!" አለ። "አስናቀ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሳያነብ ያስፈርማል ብሎ ማን ያምናል? አንብበህላቸዋል፤ አይደለም እንዴ?"

መውጫ ቀዳዳ ከፈተልኝ። አዎ ካልኩ ስሜ ነጻ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ሰምቷል። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መነጽራቸውን አወረዱ።

"ልብ ብለው ይመልሱ" አሉኝ። "ከተነበበላቸው ቃለ ጉባኤው ይጸናል፣ ልጅቷ አትፈተንም። ካልተነበበላቸው ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ ስሟን ዛሬ እመዘግባለሁ፣ የእርሻውንም ጉዳይ ሰው ልኬ አጣራለሁ። አንብበዋል?"

ልጅቷን አየኋት። አትለማመጠኝም። የምትጠላኝም አትመስልም፤ የምትጠብቀው መልሱን ብቻ ነው።

"አላነበብኩም።"

"ጮክ ይበሉ፤ ይጻፋል።"

"አላነበብኩላቸውም!" ብዬ ጮህኩ። "ጣቱን በእጄ ይዤ አስፈረምኩት። ሣሩንም ሳላውቀው ነው የተረጎምኩት። ይጻፍ!"

አቶ ደግፌ "አብዷል ይሄ ሰው" ብሎ ተነሣ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ቃሌን ጽፈው አቀረቡልኝ፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አነበብኩና ፈረምኩ። ከዚያ ዝርዝሩን ስበው ከሁሉም ሥር "ዓለሚቱ ኤርጫፎ" ብለው ጻፉ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ስሟ በትክክል መጻፉን አየች፣ እሳቸውን እጅ ነሣች፣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። አላመሰገነችኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ውሸቴን ነው፤ ጠብቄ ነበር።